ሐውልት ከመግዛታችሁ በፊት ጀሪካን አቁሙ

መጀመሪያ የገዛሁት አንበሳ ነበር። የሲሚንቶ አንበሳ፣ ወርቃማ ቀለም የተቀባ፣ አፉን የከፈተ፣ አንድ እግሩን ኳስ ላይ ያሳረፈ። አዲስ አበባ ውስጥ ይህን አንበሳ የማያውቅ የለም። ግማሹ ሰው በሩ ላይ አለው፣ ግማሹ የጎረቤቱ በር ላይ ያየዋል።

አዲሱ ቤት ገብተን፣ ሳሩ ከያዘ በኋላ የግቢው መሀል ባዶ ሆኖ ታየኝ። ባዶ ቦታ ሳይ ደግሞ እጄን ያሳክከኛል። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ መንገድ ዳር ተደርድረው አየኋቸው፤ አንበሳ፣ ንስር፣ ትልቅ ጀበና፣ እንስራ ያዘለች ኮረዳ፣ ሁሉም በአንድ ዓይነት ቀለም። ወረድኩ፣ ተከራከርኩ፣ ገዛሁ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም። ባለቤቴ እስካሁን የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ሰፈር ስንደርስ ጫኝና አውራጆቹ መኪናዋን ከበቡን። "ይሄ እኮ እቃ አይደለም፣ አንበሳ ነው" ብለው ዋጋ ጨመሩ። ምን ይባላል? ከፈልኩ። አራት ሆነው ሳሩ መሀል ላይ አኖሩት፣ ፊቱን ወደ ውጭው በር አዙረው። የሚገባውን እንግዳ ይቀበል ብዬ ነበር።

አማቴ በማግስቱ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በሩ ላይ ቆመው አዩት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ "ማን ሞተ?" አሉኝ።

እኔ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። ለእማማ ሐውልት ማለት ለሞተ ሰው የሚቆም ነገር ነው፤ መቃብር ላይ ወይም አደባባይ ላይ። የቤተ ክርስቲያናችን ወግም ሥዕል እንጂ እንዲህ ቆሞ የሚታይ ቅርጽ አይደለም። "ግቢያችንን የባለውለታ መቃብር አስመሰልሽው፣ ልጄ" አሉኝና ገቡ። ከትልልቅ ሰዎች ጋር የምትኖሩ ከሆነ ይህን ወሬ ከመግዛታችሁ በፊት ጨርሱት። አንድ ምክር ደግሞ፦ ቤት ውስጥ "ሐውልት" አትበሉ፣ "ቅርጽ" በሉ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ቃሉን ስቀይር የእማማ ፊት ግማሽ በግማሽ ተፈታ።

ያም ሆኖ ዋናው ችግር አማቴ አልነበሩም። አንበሳው በተቀመጠ በሳምንቱ በረንዳ ላይ ቡና ተፈልቶ ቁጭ ስንል ነው የገባኝ። ፊቱ ወደ በሩ ነው። እኛ የምንቀመጠው ከኋላው ነው። ማለትም ሦስቱንም ስኒ ቡና የጠጣነው የአንበሳ መቀመጫ እያየን ነው። እንግዳ በወር ሁለቴ ይመጣ ይሆናል፣ እኛ ግን በየቀኑ እዚያው ነን። ለማን ነው ያቆምኩት?

ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። ወርቃማው ቀለም እንደ ድንች ልጣጭ መላጥ ጀመረ። በሁለተኛው ክረምት ኳሷ ላይ ካረፈው እግር ቡናማ እድፍ ወረደ፣ ቀጥሎ ስንጥቅ መጣ፣ ከዚያ ጣቱ ተፈንቅሎ ወደቀ። ውስጡ ሳየው የዛገ ፌሮ ነው። ይህን ያስረዳኝ ቤታችንን የሠራው ግንበኛ ነው። ብረት ሲዝግ ያብጣል። ሲያብጥ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይገፋዋል፣ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ ተጨማሪ ውሃ ይገባል፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ፌሮው ላይ ቢያንስ ሁለት ተኩል ወይም ሦስት ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶ ቢኖርበት ኖሮ ዕድሜው ይረዝም ነበር። የእኔ አንበሳ ጣት ላይ የነበረው የጥፍር ውፍረት እንኳ አይሆንም።

ስለዚህ የሲሚንቶ ቅርጽ ስትገዙ ቀጫጭን ቦታዎቹን እዩ። ጣት፣ ጆሮ፣ ምንቃር፣ የእንስራ ጆሮ። የሚሰበረው መጀመሪያ እዚያ ነው። ከሥሩ ገልብጣችሁ እዩት። ቀለም ያልነካው ቦታ ላይ በቁልፍ ጫር አድርጉ። በቀላሉ የሚፈርስ ነጭ ዱቄት ከወጣ ጀሶ ነው። ጀሶ ሳሎን ይሁን፣ ውጭ ግን አንድ ክረምት አያልፍም። ሻጩ "ውጭ ይሆናል፣ ቀለሙ ይጠብቀዋል" ይላችኋል። ቀለሙን ማን ይጠብቀው?

አንበሳውን በኋላ ለአንድ ዘመዳችን ሰጠነው፣ ጣቱን አስጠግነው በራቸው ላይ አቁመውታል። ደስ ብሏቸዋል። የእነሱ በር ሰፊ ነው።

ሁለተኛውን ነገር ለመግዛት ስነሳ ከቅርጹ ሳይሆን ከቦታው ጀመርኩ። አንድ እሑድ ሙሉ ቀን ወረቀት ይዤ በቤቱ ዞርኩ። የት ነው የምቆመው? የት ነው የምቀመጠው? በየትኛው መስኮት ነው ወደ ውጭ የማየው? መልሱ አሳፈረኝ። በረንዳ ላይ የምቀመጠው ቅዳሜና እሑድ ብቻ ነው። ሳሎኑ መስኮት ላይ መጋረጃ አለ። በየቀኑ፣ ያለማቋረጥ፣ ወደ ውጭ የማይበት ቦታ የወጥ ቤቱ የእቃ ማጠቢያ መስኮት ነው። እዚያ ቆሜ የማየው ደግሞ ምንድን ነው? የጓሮው ባዶ አጥር እና የልብስ ማስጫ ሽቦ።

እዚህ ላይ ነው ጀሪካኖቹ የመጡት። ሁለት ባለ ሃያ ሊትር ቢጫ ጀሪካን ውሃ ሞልቼ አንዱን ባንዱ ላይ አቆምኩ፣ በገመድ አሰርኳቸው፣ አሮጌ አንሶላ አለበስኳቸው። ጓሮው ውስጥ፣ ከመስኮቱ ትይዩ። ከዚያ ምንም ሳልገዛ ሦስት ሳምንት ኖርኩ። እቃ እያጠብኩ አየዋለሁ። ልክ አይደለም፤ ትንሽ ወደ ግራ። በማግስቱ ትንሽ ወደ ኋላ። ከፍ ለማድረግ ከሥሩ ብሎኬት ጨመርኩ፣ ሁለተኛ ብሎኬት፣ ሦስተኛ ብሎኬት፣ ከዚያ አንዱን መልሼ አነሳሁ። የጎረቤቴ ሠራተኛ በአጥር ላይ አይታኝ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ጠየቀችኝ። "ሰው እየጠበቅኩ ነው" አልኳት።

ሞኝነት ሊመስል ይችላል፣ ግን ከዚያ አንሶላ የተማርኩትን ከየትም አልተማርኩም። አንደኛ፣ መጠን። ሱቅ ውስጥ ግዙፍ የሚመስል ነገር ሰማይ ሥር ሲወጣ ይሟሽሻል። ጣሪያና ግድግዳ ስለሌለ ዓይን የሚያወዳድርበት ነገር ከዛፍና ከአጥር ጋር ነው። ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ነገር ሰፊ ሳር መሀል ቢቆም ሰው የረሳው እቃ ነው የሚመስለው። ያው ሃምሳ ሳንቲ ሜትር ግን በሦስት ሜትር ርቀት፣ ከፍ ብሎ፣ ከኋላው ቅጠል ሲኖር ሙሉ ሰው ይሆናል።

ሁለተኛ፣ ከኋላ ያለው ነገር። አንሶላዬ ነጭ ስለነበር ከግራጫው ብሎኬት አጥር ፊት ሲቆም ጠፋብኝ። ከጽዱ አጥር ፊት ሳቆመው ግን ከሩቅ ይጠራል። ነጣ ያለ ቅርጽ ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይፈልጋል፣ ጥቁር ድንጋይ ደግሞ የተለሰነ ነጣ ያለ ግድግዳ ይፈልጋል። አበባ ዙሪያውን አትትከሉ። ጽጌረዳ እና ሐውልት አንድ ላይ ይጣላሉ፣ ዓይን የቱን እንደሚያይ ግራ ይገባዋል። ቅጠሉ ብቻ የሚያምር ነገር ይሻላል። እኔ ጎኑ ላይ አንድ እንሰት አቆምኩ። ሰፋፊው ቅጠል በዝናብ ሲታጠብ ከቅርጹ ጋር የሚፈጥረው ነገር አለ።

ሦስተኛ፣ ፀሐይ። ይህኛውን ትንሽ ላብራራው፣ ምክንያቱም እኛ አገር የፈረንጅ ምክር በቀጥታ አይሠራም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ዘጠኝ ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ግድም የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ነው የምታልፈው፣ ግን ያኔ አብዛኛው ጊዜ ደመና ነው። ጥርት ባለው ሰማይ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት፣ ፀሐይ በደቡብ ናት። ስለዚህ በበጋ ደቡቡን ያየ ፊት ይበራል፣ ሰሜኑን ያየ ፊት ጥላ ውስጥ ይውላል። የእኛ በረንዳ ወደ ደቡብ ነው የሚያየው። ከበረንዳ ሆነን አንበሳውን ስናይ የምናየው ሰሜናዊ ጎኑን ነበር፣ ማለትም ጨለማውን። መቀመጫው አንሶ ጨለማ መቀመጫ! የወጥ ቤቱ መስኮት ግን ወደ ሰሜን ነው፤ እዚያ ጓሮ ያቆምኩት ነገር ወደ እኔ ያዞረው ፊት ደቡብን ያያል፣ በጋውን ሙሉ ብርሃን ያገኛል።

አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ የቤቱ ጥላ። በታኅሣሥ ቀትር ላይ አራት ሜትር ቁመት ያለው ቤት ወደ ሰሜን ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ጥላ ይጥላል። ጀሪካኖቹን ከግድግዳው ሁለት ሜትር ላይ ሳቆማቸው ቀኑን ሙሉ ጥላ ውስጥ ነበሩ። ሦስት ሜትር ተኩል ላይ ሳርቃቸው ፀሐይ አገኙ። ቀትር ላይ ብቻም አትፍረዱ። ቀትር ላይ ብርሃን ከላይ ስለሚወርድ የቅርጽ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ይሆናል፣ ሁሉም ነገር አስቀያሚ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ፣ እያንዳንዷ የመሮ ምት ትታያለች።

በዚህ መሀል ዓይኔን ለማሠልጠን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። ያው ሁሌ የማልፍበት ቦታ ነው፣ ግን ቆሜ አይቼው አላውቅም ነበር። ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለውን የድንጋይ አንበሳ፣ ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ለአጼ ኃይለ ሥላሴ የብር ኢዮቤልዩ የሠራውን፣ ከመንገዱ ማዶ ሆናችሁ እዩት። ፀጉር በፀጉር አልተቀረጸም። ትልልቅ ጠፍጣፋ ገጽ ነው፣ ግን ከታክሲ መስኮት እንኳ አንበሳ መሆኑን ታውቃላችሁ። የእኔ አንበሳ እያንዳንዱ ፀጉሩ ተቆጥሮ ነበር፣ ከአሥር ሜትር ግን ድንች ነው። ራቅ ብሎ የሚታይ ነገር ቀለል ያለ ቅርጽ ይፈልጋል፣ ዝርዝሩ ለቅርብ ነው። አራዳ ጊዮርጊስ ያለው የምኒልክ ሐውልት ደግሞ መቆሚያው እንዴት ከፍ እንዳለ ልብ በሉ። ፈረሱን ከሥሩ ቀና ብላችሁ ነው የምታዩት። አደባባይ ላይ ያምርበታል። ቤት ውስጥ ግን ይህን ካደረጋችሁ ቡና እየጠጣችሁ ንጉሥ ደጅ የምትጠኑ ይመስላችኋል።

ጥያም ሄድን፣ ከልጆቹ ጋር። ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ትክል ድንጋዮቹ 36 ናቸው፣ 32ቱ ላይ ጎራዴና ሌላ ምልክት ተቀርጿል። እኔ ዓይኔ የሄደው ግን በመካከላቸው ያለው ክፍተት ላይ ነው። አንዱ ለብቻው፣ ሦስቱ ተጠጋግተው፣ ሳር፣ ከዚያ አንድ ያዘመመ። ባዶው ቦታ ነው ድንጋዩን የሚያሳየው። ልጄ "እማዬ፣ እዚህም መቃብር ነው እኮ" አለኝ። ነው። አያቱን አስታወሰኝ።

አሁን ከአንበሳው በኋላ ወደ ያዝኳት የብረት ሰጎን ልምጣ።

ሰጎኗን የሠራልኝ አንድ ወጣት በያጅ ነው። እቃውን መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄደን አብረን ነው የለቀምነው። ክንፏ የመኪና ባሌስትራ፣ አንገቷ የሞተር ሳይክል ካቴና ተበይዶ የተገተረ፣ ዓይኗ ኩሽኔታ፣ ጅራቷ ምን እንደነበር የማናውቀው ላሜራ። አንድ ቀን እዚያ ተራ መዋል ራሱ ትምህርት ነው። ልጁ ብረት አንስቶ ሲያዞረው "እትዬ፣ ይሄ ጉልበት ነው፣ አይታይሽም?" ይለኛል። ለእኔ ፍሬን ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሳየው እውነትም ጉልበት ነው።

ቅርጿ ላይ አንድም ቅሬታ የለኝም። ጥፋቱ ሁሉ የእኔ ነው። ቁመቷ አንድ ሜትር ከስልሳ ነው፣ እግሮቿ ቀጫጭን። ከሥሯ ሠላሳ በሠላሳ የሆነ ላሜራ ተበይዷል። እኔ "ይበቃል" ብዬ በረንዳው ፊት ሳሩ ላይ እንዲሁ አኖርኳት። የእኛ ሰፈር አፈር ዋልካ ነው። ዋልካን የምታውቁ አሁን ራሳችሁን እየነቀነቃችሁ ነው። በበጋ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ይላላል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ሰጎኗ ማዘንበል ጀመረች። መጀመሪያ የምታዳምጥ ትመስል ነበር፣ ደስ ይል ነበር እንዲያውም። ነሐሴ ላይ አንድ ሌሊት ከነድምጿ ወደቀች። ቡጌንቪሊያው ባይይዛት ኖሮ የበረንዳው መስታወት አለቀለት። የልጆቹ ብስክሌት እዚያ ሥር ነበር። ሳስበው አሁንም ሆዴ ይላወሳል።

ዋልካ ላይ ያላችሁ ሰዎች፣ ከዚህ ያነሰ መሠረት አትሥሩ። እኛ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ቆፍረን ዋልካውን አወጣን። ከሥር ገረጋንቲ በየአሥራ አምስት ሳንቲ ሜትሩ ውሃ እየረጨን ጠቀጠቅን። በላዩ ኮንክሪት ተሞላ፣ ሰማንያ በሰማንያ፣ ውስጡ አራት ቡሎን ወደ ላይ ተተክሎ። ከደረቀ በኋላ ላሜራውን በዳዶ አሰርነው። ከኮንክሪቱ በላይ አምስት ሳንቲ ሜትር አፈር ተመልሶ ሳር ስለተተከለ አሁን እግሯ በቀጥታ ከሳር የወጣ ነው የሚመስለው። ረጅምና ቀጭን ነገር ልጅ ቢንጠለጠልበት ምን ይሆናል ብላችሁ አስቡ። ይንጠለጠላሉ። እኔ ራሴ ማታ ሰው ሳያየኝ ተንጠልጥዬ ሞክሬዋለሁ።

ስትቆፍሩ ደግሞ ከሥር ምን እንዳለ እወቁ። የውሃ መስመር፣ የመብራት ገመድ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ክዳን። የፍሳሽ መኪና ቱቦ የሚያልፍበት መንገድ ላይ ግማሽ ቶን ድንጋይ የተከለ ሰው አውቃለሁ። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት እንኳ ለባቡር ግንባታ በ2005 ተነስቶ የተመለሰው በ2008 ነው። የእናንተን ለማንሳት ክሬን የሚልክላችሁ የለም።

ዝገቷን በተመለከተ። በያጁ ብረቷን በጥሬው ትቷት ነበር፣ ቀለሙን ወድጄዋለሁ። አንድ ሰው የተቃጠለ ዘይት ቀቢያት አለኝና ቀባኋት። አትቀቡ። በዝናብ ታጥቦ ወርዶ ከሥሯ ያለውን ሳር ክብ አድርጎ አደረቀው፣ የነካት ሁሉ እጁ ጠቆረ። አሁን በየዓመቱ መስከረም ላይ በሽቦ ብሩሽ እፈትጋታለሁ፣ ደርቃ ሳለ ቀለም አልባ ቫርኒሽ እቀባታለሁ። ቀለሟ እንዲጠፋ ባትፈልጉ ነው ይህ፤ ለቀለም ግድ ከሌላችሁ ፀረ ዝገት ቀብታችሁ ተገላገሉ። ብረት ሴራሚክ ወይም እብነ በረድ ወለል ላይ አታቁሙ፣ የዝገቱ እድፍ አይለቅም። ሹል ጠርዞቿን ደግሞ በያጁ በግራይንደር ካልሞረደ አትረከቡት። በልጅ ዓይን ቁመት ላይ ያለውን በጣታችሁ ዳሱ።

ጓሮው ግን አሁንም ጀሪካን ነው። ሰጎኗ ለበረንዳው ናት። ለመስኮቱ ድንጋይ ነበር የምፈልገው።

ድንጋዩን ያገኘሁት የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተመራቂዎች ሥራቸውን ሲያሳዩ ነው። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም ወይም አይደፍርም። "ጥበብ ለእኛ አይደለም፣ ለኤምባሲ ነው" ይላል። የተመራቂ ሥራ ከመንገድ ዳር አንበሳ እጅግ የሚርቅ ዋጋ አይደለም፣ ሠሪውን ደግሞ ፊት ለፊት ታገኙታላችሁ። ይህ ትልቅ ነገር ነው። "ውጭ ይቆማል?" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ሠሪው የእውነቱን ይነግራችኋል። እኔ መጀመሪያ ልቤ የሄደው የወይራ እንጨት ላይ ነበር፣ ጎንበስ ያለች ሴት። ልጅቷ፣ የሠራችው ማለቴ ነው፣ "ውጭ ከሆነ አልሸጥልሽም" አለችኝ። ወይራ ጠንካራ ነው፣ ግን የበጋ ፀሐይና የክረምት ዝናብ ሲፈራረቁበት ይተረተራል፣ አፈር የነካው በኩል ደግሞ ምስጥ አለ። እንጨት የምትወዱ በረንዳ ጣሪያ ሥር፣ ከወለል ከፍ አድርጋችሁ አቁሙ።

የገዛሁት ጥቁር ድንጋይ ነው። የተቀመጠች ሴት፣ እጇን ጉልበቷ ላይ ያደረገች፣ ፊቷ ብዙም ያልተሠራ። ቁመቷ ሰባ ሳንቲ ሜትር። ትንሽ ናት ብዬ በፒካፕ ልወስዳት ሁለት ልጆች ይዤ ሄድኩ። ሁለት ልጆች ምንም አላደረጉም። ለእናንተ እንዲጠቅም ሒሳቡን ልንገራችሁ፤ ጥቁር ድንጋይ በሜትር ኩብ 2,800 ኪሎ ግድም ይመዝናል። ርዝመት፣ ወርድ፣ ከፍታ በሜትር አባዙ፣ ቅርጹ ስለተጠረበ ግማሽ ገደማውን ቀንሱ፣ በ2,800 አባዙ። የእኔ ሰባ በሃምሳ በሃምሳ ነበረች። ግማሹን ስቀንስ ወደ 245 ኪሎ መጣ። ይህን ከቤቴ ወጥቼ ሳይሆን ከመውጣቴ በፊት ብሠራው ኖሮ አንድ ቀን ባላባከንኩ።

በማግስቱ ስድስት ሰው ይዘን መጣን። ግቢ ውስጥ ደግሞ መሸከም የለም፤ ወፍራም ጣውላ ዘርግተን፣ በላዩ የብረት ቱቦ ደርድረን፣ እያንከባለልን ጓሮ አደረስናት። የኋላውን ቱቦ እያነሱ ፊት ማድረግ ብቻ ነው። ጀርባዬን ያተረፈ ዘዴ ነው። ጣውላው ባይኖር ኖሮ ሳሩ ላይ እስከዛሬ ቦይ ይኖር ነበር። የቆመችበት መቆሚያ አርባ ሳንቲ ሜትር ነው፣ ለምን አርባ? አንድ ብሎኬት ሃያ ነው፣ ሁለት ብሎኬት አርባ ነው፣ ጀሪካኖቹም መጨረሻ ላይ የተስማሙበት ከፍታ ያ ነበር። መስኮቱ ጋ ስቆም ፊቷ ከፊቴ ትንሽ ዝቅ ይላል። የመቆሚያው አናት ውሃ እንዳይተኛበት በትንሹ ወደ ኋላ ያዘቀዝቃል።

ግቢ የለኝም፣ ሁለት ሜትር መተላለፊያ ብቻ ነው ያለኝ የምትሉ አትተዉት። መካኒሳ ዞማ ሙዚየም ሂዱ። ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት ነው፣ በ2011 የተከፈተ። ጭቃውና ጭዱ ግድግዳ ራሱ ተቀርጿል። እዚያ ስቆም ግድግዳም ቅርጽ መሆኑ ገባኝ፤ ጠባብ ቦታ ላይ ከሚያደናቅፍ ነገር ይልቅ አጥር ላይ የተሠራ ቅርጽ ይሻላል። አለዚያም የአያቶቻችሁን ወፍጮ ድንጋይ አስቡ። አንድ ትልቅ ጋን፣ ለብቻው፣ ምንም ሳይተከልበት። አፈር ሞልታችሁ አበባ አትክሉበት እንጂ፤ ያኔ ማስቀመጫ ይሆናል።

አንድ ቀን ደግሞ በሰው በሰው የሰማ ሰው ደወለልኝ። "የኮንሶ ዋካ አለ፣ አሮጌ፣ እውነተኛ።" ፎቶውንም ላከልኝ። እውነት ለመናገር በጣም ያምራል። ግን ዋካ ኮንሶዎች ለሞተ ጀግናቸው መቃብር ላይ የሚያቆሙት ነው፣ ሚስቱና የገደላቸው ጠላቶች ጭምር ከጎኑ ይቆማሉ። ይህን ነቅሎ አዲስ አበባ ጓሮ ማቆም ከሰው መቃብር ላይ መስረቅ ነው፤ የቅርስ አዋጅም አለ፣ ቁጥር 209/1992። አዲስ፣ ለሽያጭ የተቀረጸ ከሆነ ሌላ ነገር ነው። "አሮጌ ነው" እያለ ዋጋ የሚጨምርላችሁን ሰው ግን ስልኩን ዝጉበት። ለእማማ ስነግራቸው "አላልኩሽም?" አሉ። ብለውኛል፣ እውነታቸውን ነው።

ማጽዳት ላይ ብዙ የለኝም። ውሃና ለስላሳ ብሩሽ። ለሴራሚክ የሚሸጠውን አሲድ እብነ በረድ ላይ ካፈሰሳችሁ ገጹ ይበላል፣ አይመለስም። በሰሜን ጎኗ በኩል በክረምት የሚወጣው አረንጓዴ ነገር አለ፣ እሱን ትቼዋለሁ። ዕድሜ ይመስልባታል። መብራት ካሰባችሁ ከእግሯ ሥር ወደ ፊቷ ቀጥ አድርጋችሁ አታብሩባት፣ ልጅ ሆነን ባትሪ አገጫችን ሥር አድርገን ሰው እንደምናስፈራራው ነው የሚሆነው። ከጎን፣ ራቅ አድርጎ፣ ደብዘዝ ያለ።

እማማ በርበሬ ሲያሰጡ አሁን እሷ አጠገብ ነው ዱካቸውን የሚያስቀምጡት። ስም አላወጡላትም፣ ግን ዝናብ ሲጀምር "ያቺን ልጅ አታለብሷትም?" ሲሉ አንዴ ሰምቻቸዋለሁ።

ጀሪካኖቹ አልተጣሉም። የሳሎኑን መጋረጃ ባለፈው ወር ቀየርኩት፣ አሁን ወደ ውጭ ያሳያል፣ ውጩ ደግሞ ባዶ ነው። ሐሙስ ዕለት ሞልቼ፣ አስሬ፣ አንሶላውን አልብሼ አቆምኳቸው። እማማ በመስኮቱ አይተው ብዙ ቆዩ።

"ይሄኛውስ ማነው?" አሉኝ።